የአገሮች የሰብአዊ መብት ግምገማ (ዩፒአር)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"ኢትዮጵያ ጄኔቫ ላይ ተገመገመች" የሚል ዜና በወጣ ቁጥር እነዚሁ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን "ዓ.ም." ብያለሁ።

ዩፒአር ምንድን ነው?

በአማርኛ "ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ" ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም ሥራው ውስጥ ያሉት ሰዎች ዩፒአር ብለው ነው የሚጠሩት፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነ አገር ሁሉ፣ 193ቱም፣ በየተራው ጄኔቫ ቀርቦ ስለ ሰብአዊ መብት አያያዙ የሚጠየቅበት መድረክ ነው። ጠያቂዎቹ ሌሎች አገሮች ናቸው።

ዕቁብ ብላችሁ አስቡት። ተራው ለማንም ሳይደርስ አይቀርም። ኢትዮጵያ ባለፈው በቀረበችበት ዙር ኖርዌይም ሰሜን ኮሪያም ነበሩበት። ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት፣ ያው ደንብ። ልዩነቱ ዕቁብ ሲደርስ ሰው ደስ ይለዋል።

የሚገመግሙት ዳኞች ናቸው ወይስ ባለሙያዎች?

ሁለቱም አይደሉም። ዲፕሎማቶች ናቸው። የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት 47 አባል አገሮች አሉት፤ ግምገማውን በስም የሚያካሂዱት እነሱ ናቸው። ነገር ግን አባል ያልሆነ አገርም ስሙን አስመዝግቦ መናገር ይችላል። የሚናገረው ሰው ዲፕሎማት ስለሆነ የመንግሥቱን ሐሳብ እንጂ የግሉን አይናገርም።

ብዙ ሰው ከኮሚቴዎቹ ጋር ያምታታዋል። ለምሳሌ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የሚከታተለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ 18 ነጻ ባለሙያዎች ያሉበት ነው። እነሱ የሚጠይቁት ያንን ቃል ኪዳን ያጸደቀውን አገር ብቻ ነው። በዩፒአር ግን "ይህን ስምምነት አልፈረምኩም" ብሎ ማምለጥ አይቻልም። መነሻው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተርና ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም ጭምር ስለሆነ ስለ ማንኛውም መብት መጠየቅ ይቻላል።

መቼ ተጀመረ?

ምክር ቤቱ የተቋቋመው በመጋቢት 2006 ነው። ከሱ በፊት ከ1946 ጀምሮ የሠራ ኮሚሽን ነበር። የኮሚሽኑ ችግር ስሙን ራሱ ማጉደፉ ነው። በ2003 የሙዓመር ጋዳፊዋ ሊቢያ ሊቀ መንበር ሆና ስትመረጥ ብዙዎች "በቃ" አሉ። ጥቂት አገሮች ብቻ በየዓመቱ ይወገዛሉ፣ ሌሎቹ በወዳጆቻቸው ይሸፈናሉ የሚል ቅሬታም ነበር። ዋና ጸሐፊው ኮፊ አናን በ2005 ኮሚሽኑ በአዲስ ምክር ቤት እንዲተካ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በ170 ድምፅ አለፈ። 4 አገሮች ተቃወሙ፤ አንዷ አሜሪካ ነበረች።

የግምገማው ዝርዝር ደንብ በ2007 ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ አገሮች በሚያዝያ 2008 ቀረቡ። አሁን ያለነው አራተኛው ዙር ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ስንት ጊዜ ቀረበች?

አራት ጊዜ። ኅዳር 30 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ግንቦት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. እና ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.። ቀኖቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። በእያንዳንዱ የቀረበው ሌላ አገር ነው ማለት ይቻላል። የ2011 ዓ.ም. ልዑክ እስረኞች የተፈቱበትን፣ ከስደት የተመለሱበትን ዓመት ይዞ ሄደ። የ2017 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይን ጦርነት፣ የአማራንና የኦሮሚያን ግጭት ይዞ ነው የሄደው።

በዕለቱ አዳራሹ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ጄኔቫ ውስጥ ፓሌ ዴ ናሲዮን በሚባለው ግቢ "አዳራሽ 20" የሚባል ትልቅ ክብ አዳራሽ አለ። ጣሪያውን ሚኬል ባርሴሎ የተባለው የስፔን ሠዓሊ ነው የሠራው፤ ከላይ ባለ ብዙ ቀለም ጠብታ የሚንጠለጠል ይመስላል፣ እንደ ዋሻ። የምክር ቤቱ ዋና አዳራሽ ይኸው ነው።

ለአንድ አገር የተመደበው ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህ ላይ ተገምጋሚው አገር 70 ደቂቃ አለው፤ መክፈቻ፣ መሃል ላይ መልስ፣ መዝጊያ አድርጎ ይከፋፍለዋል። የቀረው 140 ደቂቃ የሌሎቹ ነው። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚያስቀው። 120 አገር ከተመዘገበ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይደርሰዋል። በጥር 2024 ቻይና ስትቀርብ ከ160 በላይ አገር ተመዝግቦ ለእያንዳንዱ የደረሰው 45 ሰከንድ ነበር። ሰዓቱ ስክሪን ላይ እየቆጠረ ይወርዳል። ሲያልቅ ማይኩ ይዘጋል። አምባሳደር ሁን ሚኒስትር፣ ዐረፍተ ነገርህ መሃል ላይ ይቆረጣል። በቀጥታ ስርጭት ለሚያየው ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያዝናና ነገር የለም።

ንግግሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። "ለልዑኩ እንኳን ደህና መጣችሁ እንላለን። ለሪፖርቱ እናመሰግናለን። በትምህርት ዘርፍ የታየውን እመርታ እናደንቃለን።" ይህ ሁሉ 20 ሰከንድ ይበላል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ምክረ ሐሳብ ይነበባል፣ በጥድፊያ። "የተሳካ ግምገማ እንመኛለን" ተብሎ ያበቃል። ቀጣዩ አገር ወዲያው ይጀምራል። ከምስጋናው በኋላ ያለችውን ያቺን 30 ሰከንድ ነው መስማት ያለባችሁ፤ ሌላው ወግ ነው።

የመናገሪያ ተራው በመጀመሪያው ዙር ቀድሞ ለተመዘገበ ነበር። ወዳጅ አገሮች ቀድመው ተሰልፈው ሰዓቱን በምስጋና ይሞሉት ጀመር። ስለዚህ ተቀየረ። አሁን የሚፈልግ ሁሉ ይናገራል፤ ቅደም ተከተሉ በፊደል ነው፣ ከየትኛው ፊደል እንደሚጀመር ዕጣ ይወጣል።

መረጃው ከየት ነው የሚመጣው? መንግሥት ስለ ራሱ የጻፈው ብቻ ነው?

አይደለም። ሦስት ሰነድ አለ። አንደኛው መንግሥት የሚጽፈው አገራዊ ሪፖርት ነው። ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት አካላት ስለዚያ አገር ያሉትን የሚሰበስብ ነው። ሦስተኛው ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችና ከብሔራዊ የመብት ተቋማት፣ ለእኛ ከኢሰመኮ (ከኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን)፣ የመጣውን አሳጥሮ የሚያቀርብ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚያዘጋጀው የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። የመንግሥቱ ሪፖርት ላይ "ሕጉ ይህንን ይከለክላል" ይላል። ሦስተኛው ላይ ያው ሕግ ምን እንደደረሰበት ታገኛላችሁ።

አንድ አገር የቀረበለትን ምክረ ሐሳብ "አልቀበልም" ማለት ይችላል?

ይችላል፤ ቃሉን ግን አይለውም። በወረቀት ላይ ያሉት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፦ "ተቀብያለሁ" ወይም "በማስታወሻ ይዣለሁ"። ሁለተኛው በዲፕሎማት ቋንቋ እምቢ ማለት ነው። እኛ "እስቲ እናያለን" የምንላትን ታውቋታላችሁ? እሷው ናት።

መልሱ በዕለቱ መሰጠት የለበትም። ልዑኩ ወደ አገሩ ተመልሶ ይመክርበታል። ከወራት በኋላ ምክር ቤቱ በሙሉ ጉባኤ ሪፖርቱን ሲያጸድቅ መልሱ ይታወቃል። ለዚያ ደግሞ አንድ ሰዓት ተመድቧል፤ ከሱም ላይ 20 ደቂቃው የመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ነው። ማኅበራት በአዳራሹ በቃል የሚናገሩበት ብቸኛው ጊዜ ያ ነው። በግምገማው ቀን ተቀምጠው ከማዳመጥ ውጭ ድምፅ የላቸውም።

"መንግሥት ከቀረበለት ውስጥ አብዛኛውን ተቀበለ" ሲባል ጥሩ ነው ማለት ነው?

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ 327 ምክረ ሐሳቦች ቀርበው 231 ተቀብላለች። ከመቶ 70 ገደማ ነው። ዜናው ላይ ጥሩ ይመስላል። መታየት ያለበት ግን የግሡ ዓይነት ነው።

ሦስት ዐረፍተ ነገር ላስቀምጥላችሁ። "የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የጀመረውን ጥረት አጠናክሮ እንዲቀጥል።" "አስገድዶ መሰወርን የሚከለክለውን ስምምነት ማጽደቅን እንዲያስብበት።" "ያንኑ ስምምነት እንዲያጸድቅ።" የመጀመሪያው "በርታ" ነው። በርታ ማለትን እምቢ የሚል መንግሥት የለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ አልበረታህም ብሎ ማስረዳት አይቻልም። ሁለተኛው ማሰብን ብቻ ነው የሚጠይቀው። አስቤበታለሁ ቢል ማን ያጣራል? ሦስተኛው ግን አዎ ወይም አይ ነው። የ"በርታ" ዓይነቶቹ በብዛት ሲመጡ ከመቶ 70 ወይም 80 መቀበል ቀላል ነው።

"በማስታወሻ ይዣለሁ" የተባሉት ውስጥ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ተደብቀው ታገኟቸዋላችሁ። የሞት ቅጣት ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2007 ወዲህ የሞት ፍርድ አልተፈጸመም፤ ሕጉ ላይ ግን እስካሁን አለ። በየግምገማው ከሕጉም ይውጣ የሚል ምክር ይመጣል፤ በየግምገማው ይታለፋል። ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ዝርዝሩን ስታገኙ ከታች ጀምራችሁ አንብቡ፣ ካልተቀበለው።

ወዳጅ አገሮች ይሞጋገሳሉ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። "እከክልኝ ልከክልህ" ይሉታል እኛ ሰፈር። ዛሬ አንተን ባመሰግንህ፣ ተራዬ ሲደርስ ታመሰግነኛለህ። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ተበዳሪ አበዳሪውን ሲያነካካ እምብዛም አይታይም።

በዚያው ልክ ግን ከማንም ጋር ብዙ ጉዳይ የሌላቸው ትንንሽ አገሮች አንዳንዴ ትልቁን ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ አገር ደግሞ የራሱ የሆነ ጉዳይ አለው፦ የትም ይሁን ማን የሞት ቅጣትን ያነሣል፣ ሌላው የአካል ጉዳተኞችን፣ ሌላው የልጃገረዶችን ትምህርት። ይህንን ያወቀ ማኅበር የትኛውን ኤምባሲ ለየትኛው ጉዳይ ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል።

ራሱ መብት የሚረግጥ አገር እንዴት ሌላውን ይመክራል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለም። ንጹሕ አገር ብቻ ይናገር ቢባል አዳራሹ ባዶ ይሆናል። ዩፒአር የተሠራውም እዚህ ላይ ነው፦ የተናገረው ሁሉ ተራው ይደርሰዋል። ኢትዮጵያ በጥቅምት 2024 ለምክር ቤቱ አባልነት ተመረጠች፤ ከወር በኋላ ደግሞ ራሷ ለግምገማ ቀረበች። አባልነት ከወንበሩ አያድንም።

አንድ አገር "አልመጣም" ቢልስ?

ለብዙ ዓመት ይህ ጥያቄ የሐሳብ ብቻ ነበር። በጥር 2013 እስራኤል ቀረች፤ የመጀመሪያዋ ናት። ምክር ቤቱ ቀጠሮውን አዛወረ፣ ዲፕሎማቶች ለወራት ተሯሯጡ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ መጥታ ተገመገመች።

በኅዳር 2025 ደግሞ አሜሪካ ቀረች። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ቀርባ ነበር፣ በ2010፣ በ2015 እና በ2020። ምክር ቤቱ አሁንም ያደረገው ቀጠሮ ማዛወር ነው። ጎትቶ የሚያመጣ ፖሊስ የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ መቅረቱ ራሱ ሳይሆን "እነሱ ከቀሩ እኛስ?" የሚለው ነው። የዚህ መድረክ ትልቁ ሀብት ሁሉም መምጣቱ ነበር።

የተቀበለውን ባይፈጽም ምን ይደረጋል? ማዕቀብ አለ?

የለም። ቅጣት የለም፣ ቅጣት የሚወስን ፍርድ ቤትም የለም። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይባላል፤ እዚህ መከራው የለም። ያለው የሚቀጥለው ግምገማ ነው። ያኔ "ባለፈው ይህን ተቀብለህ ነበር፤ የት ደረሰ?" ይባላል። አንዳንድ አገሮች መሃል ላይ በራሳቸው ፈቃድ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ታዲያ ምን ለውጥ አመጣ? በአንድ ምሳሌ ንገረን።

የ621ን ታሪክ ልንገራችሁ። አዋጅ ቁጥር 621 በ2001 ዓ.ም. ወጣ። ከ10 በመቶ በላይ ገንዘቡን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። በዚያ ዘመን ከአገር ውስጥ ለመብት ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ዘጉ ወይም ሥራ ቀየሩ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጄኔቫ የቀረበችው አዋጁ በወጣ በወራት ውስጥ ነው። በዚያው ሰሞን የኢሰመጉ (የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ) እና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። በርካታ አገሮች አዋጁ ይከለስ አሉ። መንግሥት አልቀበልም አለ። በ2006 ዓ.ም. እንደገና ተባለ፤ እንደገና እምቢ።

በ2011 ዓ.ም. ሦስተኛው ግምገማ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አዋጁ ተሻረ፤ በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። የፀረ ሽብር ሕጉም በሚቀጥለው ዓመት ተቀየረ። ዩፒአር ነው የቀየረው? አይደለም። የቀየረው ከ2010 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት መንገድ ላይ የወጣው ሰውና ከዚያ የመጣው የፖለቲካ ለውጥ ነው። ግን አዲሱን ሕግ ለመጻፍ የተቀመጡት ሰዎች ከባዶ አልጀመሩም። ምኑ መውጣት እንዳለበት አሥር ዓመት ሙሉ ተጽፎ፣ ተቆጥሮ፣ ተቀምጦ ነበር። በሩ ሲከፈት ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ጠበቀ።

ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። በ2017 ዓ.ም. አራተኛው ግምገማ በተካሄደበት በዚያው ኅዳር ወር ሦስት የመብት ድርጅቶች ታገዱ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በኋላ እግዱ ቢነሣም፣ ልዑኩ ጄኔቫ ላይ ስለ ሲቪል ምኅዳሩ መስፋት የተናገረው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ለዚህ ነው "ዩፒአር ሠራ" ወይም "ዩፒአር አልሠራም" የሚል መልስ የማልሰጠው።

ስለ ትግራይ ጦርነት ያጣራው ኮሚሽንም ዩፒአር ነበር?

አልነበረም። ያ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ኮሚሽን የሚባለው ነው። የተቋቋመው በታኅሣሥ 2021 በምክር ቤቱ ልዩ ስብሰባ፣ በድምፅ ነው፦ 21 ደገፉ፣ 15 ተቃወሙ፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። መንግሥት ተቃውሞት ነበር። በጥቅምት 2023 ጊዜው ሲያልቅ የሚያራዝመው አገር ጠፍቶ ተዘጋ።

ልዩነቱ ይህ ነው። መርማሪ ኮሚሽን ምስክር ይሰማል፣ ማስረጃ ያሰባስባል፣ ማን ምን እንዳደረገ ይደመድማል። ዩፒአር አይመረምርም። በዚያ ፈንታ መርማሪው ከሄደም በኋላ ተራው እየጠበቀ ይመጣል፤ ለማስቀጠል የማንም ድምፅ አያስፈልገውም። የኮሚሽኑ ሥራ ከተዘጋ ከዓመት በኋላ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተጠያቂነት እንዲኖር የሚጠይቁ አገሮች እዚያው አዳራሽ ነበሩ፣ በዩፒአር በኩል።

ዓረብ አገር ለሚሠሩ እህቶቻችን ይጠቅማል?

በተዘዋዋሪ፣ አዎ። ሳዑዲም፣ ኳታርም፣ ሊባኖስም ሲቀርቡ ካፋላ ይነሣል፤ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው ሥርዓት ማለት ነው። ኳታር በ2020 የቤት ሠራተኞች ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ እንዳያስፈልጋቸው አደረገች። ሳዑዲ በ2021 የሥራ ሕጓን ስታሻሽል ግን የቤት ሠራተኞችን ትታቸዋለች። እነዚህን ለውጦች ያመጣው ብዙ ዓይነት ግፊት ነው፤ የጄኔቫው አንዱ ነው።

የማይመች ነገር ልጨምር። የስደተኛ ሠራተኞችን መብት የሚጠብቀውን የ1990 ስምምነት የባሕረ ሰላጤው አገሮች አላጸደቁም። ኢትዮጵያም አላጸደቀችም። "እነሱ ይፈርሙ" ለማለት አፍ የሚያሲዝ ነገር ነው።

ማኅበራችን ትንሽ ነው። ሪፖርት ማስገባት ይችላል?

ይችላል። በጽሑፍ ለማስገባት ከተባበሩት መንግሥታት ዕውቅና ማግኘት አያስፈልግም፤ ዕውቅናው የሚያስፈልገው በአዳራሽ ለመናገር ነው። በውጭ አገር ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበርም ይችላል። ለብቻ ሲሆን 2,815 ቃል፣ ከሌሎች ጋር ሲሆን 5,630 ቃል ይፈቀዳል። አማርኛ አይቀበሉም፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ቢሆን ይመረጣል። ቀነ ገደቡ ከግምገማው ብዙ ወራት ቀድሞ ያልፋል። ዜናውን ሰምቶ መጻፍ የጀመረ ሰው አርፍዷል።

ሁሉንም ችግር ለመጻፍ አትሞክሩ። የምታውቁትን አንድ ነገር፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ ከነቀኑ ጻፉ። የማየት ችግር ያለባቸው ሰዎች ማኅበር በምርጫ ጣቢያ የገጠመውን ቢጽፍ ስለ ዴሞክራሲ ከሚጽፍ አሥር ገጽ ይበልጣል። ከዚያ ያቺን አንድ ጉዳይ በግማሽ ገጽ አሳጥራችሁ አዲስ አበባ ያሉትን ኤምባሲዎች አንኳኩ። በዚህ ዕድለኛ ነን። ብዙ አፍሪካውያን ማኅበራት ይህን ያህል ኤምባሲ በታክሲ ርቀት አያገኙም። አንድ ዲፕሎማት የእናንተን ዐረፍተ ነገር እንዳለ አንብቦት ስትሰሙ፣ አንድ ደቂቃ ከ10 ሰከንዷ ያኔ ትርጉም ታገኛለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያስገባችሁት ሪፖርት ከነስማችሁ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ምስጢር አይደለም። የተጎጂ ስም፣ የሰፈር ስም፣ ሰውን የሚያስለይ ነገር አታስገቡ። የራሳችሁ ስም መውጣቱ የሚያሰጋ ከሆነ ከሌሎች ጋር በጋራ ማቅረቡ ይሻላል።

ወንድሜ ያለ ክስ ታስሯል። ለዩፒአር ልጻፍ?

ይህ ጥያቄ በብዛት በውስጥ መስመር ነው የሚመጣው። መልሱ፦ ለዚህ ዩፒአር ትክክለኛው ቦታ አይደለም። የአንድን ሰው ጉዳይ አይቶ አይወስንም። ሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ የሚባለው የግለሰብ አቤቱታ ያያል፤ ግን ለዚያ አገሪቱ አንድ ተጨማሪ ፕሮቶኮል መቀበል አለባት፣ ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ያያል፤ ግን በመጀመሪያ በአገር ውስጥ ያሉት ፍርድ ቤቶች መሞከር አለባቸው።

የቀረው መንገድ የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን የሚባለው ነው፣ እሱም ጄኔቫ። አገሪቱ ፕሮቶኮሉን መቀበሏን አይጠይቅም። የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ሁሉ ማለቁን አይጠብቅም። ቤተሰብ መጻፍ ይችላል፣ በነጻ ነው፤ የታሰረው ሰው ወይም የቤተሰቡ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። የሚሰጠው አስተያየት በሩን አይሰብርም። የእገሌ እስር ሕገ ወጥ ነው የሚል ወረቀት ከነቁጥሩ መኖሩ ግን ለጠበቃ ትልቅ ነገር ነው። በአገር ውስጥ ደግሞ ጎን ለጎን ለኢሰመኮ አመልክቱ።

ለየትኛውም ብትጽፉ የሚጠየቀው አንድ ነው። የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ቦታው፣ የወሰዱት ሰዎች የለበሱት ልብስ፣ የመያዣ ወረቀት አሳይተው እንደሆነ፣ መጀመሪያ የት እንዳደረሱት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ማን እንዳየው። ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ ጻፉት። ከወር በኋላ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ይምታታባችኋል።